ቀላል ነቀላ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

የወሊድ ፈቃድ የወጣችው ባልደረባችን መዝገቦች ዛሬ ለሁላችንም ተከፋፈሉ። ለእኔ ስድስት የጥርስ ክሊኒኮች ደረሱኝ። አምስቱን አላውቃቸውም። ስድስተኛውን አቃፊ ገና ስከፍተው ማኅተሙን አይቼ ለየሁት፤ ዛሬም ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። እጀታው የተጣመመ ስለሆነ ቀጥ አድርጎ መምታት አይቻልም። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ፣ አስራ አንድ ዓመት ስመታው የኖርኩት እኔ ነኝ።

ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለው፣ መዝገብ ያዥ ሆኜ የሠራሁበት የጥርስ ሐኪሙ የጋሼ ክሊኒክ ነው።

አሁን የምሠራበት ኢንሹራንስ ደንብ ግልጽ ነው። ገምጋሚ ቀድሞ የሠራበትን ክሊኒክ የክፍያ ጥያቄ መገምገም አይችልም፤ ለአለቃው ተናግሮ መዝገቡን ይመልሳል። ነገ እናገራለሁ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አለቃዬ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበር። አልተናገርኩም። ነገ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ ማታ

መናገሩን ለሰኞ አሳደርኩት። እስከዚያ አንድ ጊዜ ባየው ምን አለበት ብዬ የጋሼን መዝገብ ከፈትኩ። ለግምገማ እንኳ አልነበረም። የድሮ ቤቱን በመስኮት አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነበርኩ።

የታካሚዎቹን ግማሽ አሁንም በስም አውቃቸዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው አለ። ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አሉ። ስትፈራ የምትዘፍነዋ ነርስ አለች። ስማቸውን ሳነብ አግዳሚው ላይ ጉንጫቸውን ይዘው ተራ ሲጠብቁ ታዩኝ።

ከዚያ ኮዶቹን አየሁ።

ነቀላ ሁለት ዋና ኮድ አለው። ጥርሱ በጉጠት ተይዞ ብድግ ካለ ቀላል ነቀላ ነው፤ እኛ በመጨረሻ ቁጥሩ «አርባ» እንለዋለን። ድድ ተከፍቶ፣ ጥርሱ ተከፋፍሎ ከወጣ ደግሞ «አስር» ነው። ለአስር የሚከፈለው የአርባ እጥፍ ነው። የሚያጭበረብር ክሊኒክ ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚያስገባው እዚህ ላይ ነው፦ አርባውን አስር ማድረግ።

በእኔ ጊዜ ጋሼ ዘንድ አስር በወር አንድ ብትገኝ ነው። አሁን ከነቀላው ግማሹ በላይ አስር ነው።

ይህ የጋሼ ሥራ አይደለም። የልጅቷ ነው። እኔ ስለቅ በቦታዬ የገባችውን አንድ ቀን ብቻ፣ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ አይቻታለሁ፤ ረጃጅም ቀይ ጥፍር አላት። በዚያ ጥፍር ቁጥር እንዴት እንደምትመታ እንጃ። ለራሴ ባለጥፍሯ ብያታለሁ።

እኔን ጋሼ ኮድ ያስተማሩኝ ከጂፕሰም በተሠራ መንጋጋ ነው። ከሰው ጥርስ ገና እየሸሸሁ ነበር፤ ደም ባየሁ ቁጥር ወደ ውጭ እወጣ ነበር። መንጋጋውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «አፍ ማለት አራት ሰፈር ነው» አሉኝ። «በየሰፈሩ ስምንት ቤት። የቤት ቁጥሩን ሳታውቂ ደብዳቤ አታድርሺ።» የመጨረሻዋን ስምንተኛ ቤት በጣታቸው እየነኩ «ይሄኛው አምሽቶ የሚገባው ነው፤ ሲገባም ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል» አሉ። ሳቅኩ። ሳቄን አይተው «ያዝሽው ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቃቸውን ትተው፣ «የሠራነውን ነው የምንጽፈው። ምን እንደሠራሁ ካልገባሽ ጠይቂኝ። ደክሞኛል ብልሽም ጠይቂኝ» አሉኝ።

እጃቸው ደግሞ። በሽተኛው አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞቱን ሲጠብቅ፣ ጋሼ ዘና ብለው «እናትህ እንዴት ናቸው?» ይሉታል። ሰውየው በተከፈተ አፉ «እህና» ሲል ጥርሱ ሳህኑ ላይ ቂው ይላል። ስንቱ ሰው «ተነቀለ እንዴ?» ብሎ እየጠየቀ ደረጃውን ወርዷል።

ባለጥፍሯ ይህንን እጅ ነው አስር ብላ የምትሸጠው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ድምፄን አወፈርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«የጥርስ ክሊኒክ። ማን ልበል?»

የኢንሹራንሱን ስም ብቻ ነገርኳት። የዚህን ዓመት ነቀላዎች ራጅ ትልክልኝ ዘንድ ጠየቅኳት።

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ችግር አለ እንዴ?» አለች።

«መደበኛ ግምገማ ነው።»

ከኋላ የጋሼ ድምፅ መጣ። «ማነው?» «ከኢንሹራንስ ነው ዶክተር፣ ራጅ ይፈልጋሉ።» «ስጫቸው። ያላቸውን ሁሉ ስጫቸው።»

ድምፃቸው ያው ነው። ትንሽ ቀጥኗል መሰለኝ፤ ስልኩ ይሆናል።

ዝም ማለቷን ልብ ብያለሁ። ንጹሕ ሰው ዝም አይልም። ለአለቃዬ አሁንም አልነገርኩትም። አሁን ብነግረው መዝገቡ ለማያውቃቸው ሰው ይሄዳል፤ ያ ሰው ጋሼን ከባለጥፍሯ አይለይም፤ ሁለቱንም በአንድ ሙቀጫ ነው የሚወቅጣቸው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከታች በቀኝ በኩል ያለችው መንጋጋ ጥርሴ ከትናንት ጀምራ ትወጋኛለች። ቅርንፉድ ነከስኩባት።

ባለቤቴ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ቀና ብሎ አየኝና «የጥርስ ገምጋሚ ሆነሽ የራስሽን ጥርስ አለማስገምገምሽ» አለኝ። የሒሳብ መምህር ቀልዱም ቀመር ነው። ሳቅኩለት። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እያመመኝም ሳቅኩለት።

የቅርንፉዱ ሽታ ግን ይዞኝ ሄደ። ክሊኒኩ በዝናብ ቀን እንዲህ ነበር የሚሸተው። ዝናብ ሲከብድ በሽተኛ ይቀራል፤ ጋሼ መሰርሰሪያውን የሚያሽከረክረውን ኮምፕረሰር ያጠፉታል፤ ያኔ የጣሪያው ቆርቆሮና ከታች የጫማ ሰፊው መዶሻ ብቻ ይሰማል። እሳቸው ከውስጠኛው ክፍል ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወጥተው ከጠረጴዛዬ ማዶ ይቀመጣሉ። ምሳዬን ለሁለት እንካፈላለን። ከዚያ ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው በቀዶ ጥገና ምላጭ ይልጡታል፤ ልጣጩ ከላይ እስከ ታች ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። «በተበጠሰ ቀን ጡረታ እወጣለሁ» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ሲልጡ ማየት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

ያንን ቤት የለቀቅኩት ለተሻለ ደሞዝ ነው። ማንም ይሄድ ነበር። እሳቸውም «ሂጂ፣ ወንበር ሥር አይሰድም» ብለው ነው የሸኙኝ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ራጆቹ ደረሱ። አንድ በአንድ አየኋቸው። የተቆለመመ ሥር የለም። አጥንት ውስጥ የተቀበረ ጥርስ የለም። ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ ጋሼ ወሬ እየጠየቁ የሚያነሷቸው ዓይነት ጥርሶች ናቸው። አርባ ናቸው። ሁሉም አርባ ናቸው።

ከራጁ ጋር የሕክምና ካርዶቹ ቅጂ አለ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ያው ቃል፦ «አናቱ ተሰበረ። ድድ ተከፈተ። ሥሮቹ ተለያይተው ወጡ። ተሰፋ።» ቀጣዩም። ቀጣዩም። አጭበርባሪ መቼም አንድ ቃል ከያዘ ያንኑ ነው የሚደጋግመው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ጽሕፈቱ የልጅቷ አይደለም። የጋሼ ነው። ድሮ ፊደላቸው እንደ ወታደር ተሰልፎ ነበር የሚቆመው፤ አሁን ውሃ የነካው ጉንዳን ይመስላል። ችኮላ ይሆናል። ሥራ በዝቶባቸዋል። እሷ እየነገረቻቸው ይሆናል የሚጽፉት።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

አለቃዬ ጠራኝ። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ እኩል ነው፤ ቸኩሎ አይናገርም።

«ከጫማ ሰፊው በላይ ያለው ክሊኒክ አንቺ ጋ ነው አይደል? ኮምፒውተሩ ምልክት አድርጎበታል። አስር በዝቷል።»

«አይቼዋለሁ።»

«እስከ ሐምሌ አጋማሽ ሪፖርት እፈልጋለሁ። ማጭበርበር ከሆነ ውላቸው ይቋረጣል፤ የተከፈላቸውንም ይመልሳሉ። ሽማግሌ ናቸው ይባላል ሐኪሙ። ታውቂያቸዋለሽ?»

«በስም» አልኩት።

በስም። አስራ አንድ ዓመት ምሳዬን የተካፈሉኝን ሰው በስም። ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ቆምኩ። ለምን እንዲያ እንዳልኩት አሁንም አላውቅም። አፌ ነው የተናገረው።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ጉንጬ አብጧል። ሪፖርቱን ጀመርኩት፦ «በክሊኒኩ የመዝገብ ሠራተኛ በኩል...» አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። አጠፋሁት።

ባለቤቴ ቢሯችን አጠገብ ያለው ሐኪም ጋ ሂጂ ይለኛል። ጥርሴን ከጋሼ በቀር ሰው ነክቶት አያውቅም። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ለጥርሴ ነው የምሄደው። መንገዴን ባለጥፍሯ እንዴት እንደምትሠራ ባይ ደግሞ ማን ይከለክለኛል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ ማታ

ማደንዘዣው ለቆኛል። ማስታገሻ ወስጃለሁ። እንደሆነው ልጽፈው።

ጫማ ሰፊው ከታች አሁንም አለ፤ መነጽር ጨምሯል። ደረጃው ያው ይጮኻል። የመጠበቂያው አግዳሚ አዲስ ላስቲክ ለብሷል። ጠረጴዛዬ ከግድግዳው ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ተደርጓል። ብርሃኑ ከዚያ ይሻላል፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን እንዳላሰብኩት አላውቅም።

ልጅቷ ብድግ አለች። «እትዬ፣ እርስዎ ነዎት አይደል? ፎቶዎን ውስጥ አይቼዋለሁ።» መጀመሪያ ያየሁት ጥፍሯን ነው። ተቆርጧል። ከሥሩ፣ እንደ ተማሪ ልጅ።

ጠረጴዛዋ ላይ የተላጠ ብርቱካን በሰሃን ነበር። ልጣጩ ብዙ ቦታ የተቦጫጨቀ ነው። «ለዶክተር ነው» አለች፣ እንዳየሁት አይታ።

ጋሼ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ከስተዋል። «የኔ ልጅ፣ የት ጠፋሽ? ጥርስ ካላመመሽ አትመጪም ማለት ነው?» ግራ እጃቸውን ነው የዘረጉልኝ፤ ቀኙ ካፖርት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጨበጥኩት።

ወንበሩ ላይ ተኛሁ። ራጁን ወደ መብራቱ አንሥተው «ይቺማ ትድናለች ማለት አልችልም። ግን ሥሯ ቀጥ ያለ ነው። ቶሎ ነው የምንለያየው» አሉ። ልጅቷ ጓንት አድርጋ አጠገባቸው ቆማለች። በእኔ ጊዜ መዝገብ ያዥ ወደ ወንበሩ አትቀርብም ነበር። ማደንዘዣውን ሲወጉኝ እጇን ከመርፌው ኋላ፣ የእጃቸው አንጓ ላይ አደረገች። እንዲሁ የምታደርገው ነገር ይሆናል።

ጉጠቱ ጥርሴን ያዘ። ከዚያ የምጠብቀው ጥያቄ መጣ።

«ባለቤትሽ እንዴት ነው?»

«እህና» አልኩ፤ ሳህኑ ቂው እስኪል ጠበቅኩ።

ምንም የለም። ጉጠቱ ተንሸራተተ። እንደገና ያዙ። ዓይኔን ጨፍኜ በተከፈተ አፌ ጨመርኩላቸው፤ ፈተና እያረመ ነው አልኩ፣ ጀርባውን ያመዋል አልኩ፣ በሚሰማና በማይሰማ ቃል። መናገሬን ካላቋረጥኩ የሚወጣልኝ ይመስል። ጉጠቱ እንደገና ተንሸራተተ። ከዚያ ጥርሴ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ።

«ምንም አይደለም» አሉ ጋሼ፤ ለእኔ አልነበረም። «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም።»

ልጅቷ ሳይጠይቋት ምላጩን አቀበለች። ከዚያ መሰርሰሪያውን። ከዚያ ማንሻውን። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ታውቀዋለች። ከታች የጫማ ሰፊው መዶሻ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። ረጅም ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኔን ስገልጥ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ ልጅቷ ክንዳቸውን ከክርናቸው ሥር ደግፋ ይዛዋለች። ወዲያው ጨፈንኩ።

ሲጨርሱ ካርዱን ራሳቸው ጻፉ። ቀኝ አንጓቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ፊደል በፊደል። እኔ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ።

ጥርሴ መጥፎ ነበረች። ብዙ ስለቆየች ተሰባሪ ሆናለች። እንዲያ ይሆናል።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ፊቴ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። መናገር ስለማልችል ባለቤቴ «ቤታችን ሰላም ሆነ» እያለ ሾርባ ያመላልስልኛል።

ትናንት ያልጻፍኩት አለ። ደረጃውን ስወርድ ልጅቷ የረሳሁትን ጥጥ ይዛ ተከተለችኝ። ከደረጃው መሐል ላይ ቆምን።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚያ ኢንሹራንሱ ቤት ነው የሚሠሩት ይባላል። ራጃችንን ወስደውታል። ማን እንደያዘው ያውቃሉ?»

በጥጥ በተሞላ አፌ ራሴን ነቀነቅኩ። አላውቅም አልኳት።

«እኔ ለምኛቸዋለሁ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ቀላል ነቀላ ብለን እንጻፈው፣ ክፍያው ቢያንስ ይነስ፣ ማንም ዞሮ አያየንም አልኳቸው። ስንት ጊዜ። እምቢ አሉ። እኔን ማስታወሻ እንኳ አላስነካ አሉኝ፤ ራሳቸው ነው የሚጽፉት። በኋላ ላይ የሚያዩ ሰዎች ገንዘብ ፈልገው ነው ይሏቸዋል። እርስዎ ያውቋቸዋል፤ እሳቸው ለገንዘብ ነው?»

ልጅቷ አርባ ይባል ስትል ነበር የከረመችው። እኔ ደግሞ አርባውን አስር አደረገች እያልኩ ወር ሊሞላኝ ነው።

ጥፍሯን ለምን እንደቆረጠች አልጠየቅኳትም። ጓንት በረጅም ጥፍር አይገባም።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ከክሊኒኩ አዲስ የክፍያ ጥያቄ ጠበቀኝ። የታካሚዋን ስም ሳነብ የራሴ ነው። ኮዱ፦ አስር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የማደርገውን አውቃለሁ። ሥሩ ቀጥ ያለ፣ ራጁ ንጹሕ፣ ምክንያቱ ያልተብራራ፤ ውድቅ። ምላሴ ግን ወደ ስፌቱ ይሄዳል። በአፌ ውስጥ ክር ይዤ ቁጭ ብዬ፣ ይህ አልተደረገም ልል አልችልም። ኮዱ ትክክል ነው። የዳቦ ጋጋሪውም ትክክል ነው። የዳይሬክተሩም፣ የነርሷም። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ሁሉም ተሰብረዋል።

እጃቸው ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ጽሕፈታቸውን ካየሁበት ቀን ጀምሮ ሳውቀው የነበረውን።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አስራ አንድ ዓመቱን፣ ማኅተሙን፣ «በስም» ያልኩትን፣ ቅዳሜ ወንበራቸው ላይ መተኛቴን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ጉንጬን እያየ ሰማኝ።

«በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ማስጠንቀቂያ መጻፌ አይቀርም።»

«ጻፍ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ኮዱ ትክክል ነው እያልሽኝ ነው። እንግዲህ ማጭበርበር የለም፤ የሚመለስ ገንዘብም የለም። ግን ይህ ከሆነ ነገሩ ከእኛ ወደ ሐኪሞች ኮሚቴ ነው የሚሄደው። የሚታከመው ሰው ነው እየተጎዳ ያለው።» ወደ መስኮቱ አየ። «ደብዳቤውን የምልከው ሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው ብሎ። ሁለተኛው ላይ ገባኝ፤ ለጋሼ ቀድሜ እንድነግራቸው ቀን እየሰጠኝ ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

«ጋሼ፣ ላናግርዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ስፌቱ ይቅደም።»

ክሩን ያወጣችው ልጅቷ ናት። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ከጎኗ ቆመው «ወደ አንቺ ሳይሆን ወደ ላይ... እንዲያ» እያሉ በቃል መሯት። አላመመኝም። ከዚያ እሷ ስትወጣ ነገርኳቸው። መዝገቡ እኔ ጋ እንደነበር። ራጁን ያስመጣሁት እኔ እንደሆንኩ።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ዓመት ሊሆነው ነው። አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«ልጅቷ እንዳለችው ቀላል ነቀላ ቢሉት ማንም አይጠይቅዎትም ነበር።»

«እሱማ አይጠይቀኝም።» እጃቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ጉልበታቸው ላይም ሆኖ አላረፈም፤ ከሱሪያቸው ጨርቅ ጋር ይንሾካሾካል። ሁለታችንም አየነው። «ሰውየው ወንበሩ ላይ ሲሰቃይ ቆይቶ፣ ድዱ ተሰፍቶ እየሄደ፣ ቀላል ነበር ብዬ ልጽፍ? ምኑ ነው ቀላሉ?»

እጄን ጉንጬ ላይ አደረግኩ።

«ጠዋት ጠዋት ይሻለኛል» አሉ ቆይተው። «ጠዋት አንዷ እንደ ድሮው ብድግ ትልልኛለች። በዚያች በአንዷ ሳምንቱን እከርማለሁ። ቀጣዩም እንደሷ ይሆናል እላለሁ።» ፈገግ አሉ። «ያንቺም እንዲያ ትሆናለች ብዬ ነበር። ላንቺ እንኳ ትታዘዘኛለች ብዬ።»

ላለማልቀስ ጣሳ ውስጥ ያሉትን ጥጦች ቆጠርኩ። አልቻልኩም። እሳቸው አንድ ጥጥ አንሥተው ሰጡኝ።

ሰኞ ደብዳቤ ለኮሚቴው እንደሚሄድ ነገርኳቸው።

«ሰኞ?»

«ሰኞ።»

«ታዲያ እኔ ልቅደማቸዋ።» ተነሡና በሩን ከፈቱ። «የሚጻፍ ነገር አለ፤ የእኔን ጽሕፈት የሚያነብ የለም» አሉ። ብዕሩን ልቀበል እጄን ዘርግቼ ነበር። እሳቸው ግን ልጅቷን ጠሩ። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ያሏትን ጻፈች፤ ከዛሬ ጀምሮ ነቀላ አቁሜያለሁ፣ እጄ አይታዘዘኝም፣ ምርመራና ምክር ብቻ እሰጣለሁ የሚል። በየመሐሉ ቀና ብላ «እንዲህ ልበል?» ትላቸዋለች። ጽሕፈቷ ጥሩ ነው። የምትሠራው እሷ ናት፤ መጻፍም የሚገባት እሷ ናት።

እጄን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ማስጠንቀቂያው ደረሰኝ። ከጥርስ ክፍልም ተነሥቻለሁ፤ ከነገ ጀምሮ የመነጽር ክፍያ ነው የማየው። ባለቤቴ ሲሰማ «ጥርስ ስለ ጥርስ አልሆነልሽም፣ ዓይን ስለ ዓይን ሞክሪ» አለኝ።

ልጅቷ ደወለች። የነቀላ ቀጠሮ የነበራቸውን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ላለው ወጣት ሐኪም አስተላልፋለች። አንዳንዶቹ ተቆጥተዋል። ዳቦ ጋጋሪው «እሳቸው ይስበሩት፣ ሌላ ሰው አይነካኝም» ብሎ አስቸግሯት ነበር። ጋሼ ራሳቸው ክንዱን ይዘው መንገድ አሻግረውታል።

«አሁን ምርመራውን በየትኛው ኮድ ነው የምናስገባው እትዬ? ብቻውን ሆኖ አያውቅም» አለችኝ። ነገርኳት። ጻፈችው። ከዚያ ያለምንም ምክንያት ትንሽ አወራን።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ጋ ነበርኩ። ዛሬ የሚያመኝ የለም።

ኮሚቴው የጋሼን ቃል ተቀብሏል። ወጣቱ ሐኪም በሳምንት ሁለት ቀን መጥቶ በእሳቸው ወንበር ሊሠራ ተስማምቷል። ውስጠኛውን ክፍል እያስተካከልንለት ነበር፤ እኔና ልጅቷ መደርደሪያውን እናጸዳለን፣ ጋሼ የትኛው ይቅር የትኛው ይሂድ ይላሉ። ጉጠቶቹን በሙሉ ይሂዱ አሉ። ትንሿን ብቻ፣ የልጆች ወተት ጥርስ የሚነቅሉባትን፣ ይዘው ብዙ ቆዩ። እሷንም ትሂድ አሉ።

ደከማቸው። መቀመጫ ፈልገው ዞር ዞር ሲሉ ያለው የታካሚው ወንበር ብቻ ነበር። ተቀመጡበት። እግራቸውን ሰቀሉ። ልጅቷ ሳቅ ብላ ፔዳሉን ረገጠችው፤ ወንበሩ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተኛ።

ቀጥሎ የሚሄደውን ልጠይቃቸው ከመደርደሪያው ዞርኩ። ወደ ላይ አፍጥጠዋል።

«እናንተ ልጆች» አሉ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና አልን። ጣሪያው ላይ የውሃ እድፍ አለ፤ በጣም ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ። ከመብራቱ አጠገብ ቀለሙ ተቀርፎ ተንጠልጥሏል።

«ሁሌም እንዲያ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እኔ ሥራ ስገባም ነበር።»

«እኔ አይቼው አላውቅም።» እጃቸው ደረታቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ እሳቸው ከእድፉ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ሰው ሁሉ እዚህ ተኝቶ፣ ፈርቶ፣ ይህን ሲያይ ነው የኖረው? እኔ ሁልጊዜ ወደ ታች ነበር የማየው።»

ልጅቷ ወንበሩን ቀና ልታደርገው ስትል «ቆይ፣ ተይኝ» አሏት።

ቆዩ። እኛም ሥራችንን ትተን አጠገባቸው ቆመን አብረን ጣሪያውን አየን።

«ነጭ አይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ነጭ ሆስፒታል ያስመስለዋል። ሰማያዊ ይሻላል፣ ፈዘዝ ያለ። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ቀለም ቀቢው ማክሰኞ ይመጣል።